በቀትር የተጠጣ ውሃ

የዋርፋ ፔዦ የደንገጎን ዳገት ስትያያዘው አቃሰተች። ሞተሩ ያጓራል፣ በሩ ይንቀጫቀጫል፣ የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን መስመር ካለፈ ቆይቷል። ሆዳን ከኋላ ወንበር መሐል ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን በፊተኞቹ ወንበሮች ጀርባ ላይ ተክላ፣ መኪናዋን በጉልበቷ የምትገፋ ይመስል ወደ ፊት ተንጠራርታለች።

«አዴር ዋርፋ፣ ፈጠን በል እንጂ።»

«ይቺ መኪና እኩያዬ ናት» አለ ዋርፋ። ስልሳ ያለፈው የታክሲ ሹፌር ነው። «እኩያዬን አልገፋም።»

ድሬዳዋ አንቱታ የማይበዛባት ከተማ ናት። ታላቁን አዴር፣ አጎቴ፣ ብሎ ያከበረ ሰው «አንተ» ቢለው የሚቀየም የለም። ሆዳን ግን በዚያ ቀን ማክበሩም አልታያትም፤ አፏ የለመደውን ነው ያለችው። ከጠዋት ጀምሮ ሰውን ሁሉ ንቃው ነበር።

ጊዜው ሚያዝያ 2012 ዓ.ም.፣ የረመዳን ዘጠነኛው ቀን ነው። ኮሮና የሚሉት ነገር መጥቶ መስጊዶች ተዘግተዋል፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በአዋጅ ተከልክሏል፤ ታክሲ ግማሽ ሰው ጭኖ እጥፍ ያስከፍላል። ሰው ሁሉ አፉን ሸፍኖ ነው የሚሄደው። ሆዳን እስካሁን እንዳየችው ግን ያ ጨርቅ ያስቀረው አንድም ወሬ አልነበረም።

ከከተማው መውጫ ላይ አንድ ፖሊስ አስቁሟቸው ነበር። በመስኮት አጎንብሶ፣ «ሐርላ ነው የምትሉኝ እናንተም?» አለ። «ከማለዳ ጀምሮ የሚያልፈው ሁሉ ቀብር ነው ይለኛል። የማን ቀብር ነው?»

«እስካሁን የሞተ የለም» አለች ሆዳን። «ካልደረስኩ ግን ይኖራል።»

ፖሊሱ ፊቷን አይቶ ገመዱን ዝቅ አደረገላት።

አሁን ዋርፋ በመስታወቱ ሰረቅ አድርጎ አያት። «ልጄ፣ እንዲያው ልጠይቅሽ። እውነት ወንድምሽ ዛሬ ውሃ ያወጣል?»

«ማን አለ?»

«ሰው ይላል። ባርኸድ ላይ ኑር፣ የአላህ ብርሃን፣ ወርዷል፣ የሐርላን አሮጌ ጉድጓድ በዱዓ ይከፍተዋል ይላል። እኔ እንኳ ወገቤን...»

«ወገብህን ምን?»

«አንድ ጊዜ እጁን ቢያሳርፍብኝ ብዬ ነው።»

ሆዳን መንገዱን አየች። ይህ ሰው ባርኸድን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ከዓሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ባርኸድ አምስት ቀን ሳይተኛ ቀርቶ የቤታቸውን ዕቃ ለመንገደኛ ሲያድል ያየው ይኸው ዋርፋ ነው። ያኔ «እብድ» ያለው አፍ ዛሬ ወገቡን ሊያሳሽ ይፈልጋል። ሰው እንዲህ ነው፤ አፉ እንጂ ዓይኑ አይሠራም።

ባርኸድ ታናሽ ወንድሟ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ገንደቆሬ ሠፈር ባለው ግቢ ሁለቱ ብቻ ይኖራሉ፤ ሆዳን ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ታይዋን በሚሉት የድሬዳዋ ገበያ ውስጥ የሴት ልብስ ትሸጣለች። በዚያ በመጀመሪያው ሕመም የእናታቸው ወንድም ሐጂ ሚክዳድ ባርኸድን አልጋ ላይ በገመድ አሰረው። በኋላም «ሰርግ አለ፣ ተነሣ» ብሎ ዋሽቶ በመኪና ጫነው። ሰርግ የተባለው ቦታ ሲደርስ ስድስት ሰው ጠብቆ ያዘው። ባርኸድ ሐኪም ቤት ከገባ በኋላ ዳነ። ስድስቱን ሰዎች ይቅር አለ፤ ሰርጉን ግን ይቅር አላለም።

የሕመሙን ስም ለሆዳን የነገረቻት ሲስተር ሙኒያ ናት፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ነርስ። «ባይፖላር ይባላል» አለቻት። «አንዳንዴ ሰውየውን ያወርደዋል፣ አንዳንዴ ያወጣዋል። ሲወርድ ሁሉም ሰው ያዝንለታል። ሲወጣ ግን ሰው ይወደዋል፤ የሚከፋውም ያ ነው። ስለዚህ የሚናገረውን አትስሚ። ምን ያህል እንደሚጸልይ፣ ምን ያህል እንደሚስቅ አትለኪ። እንቅልፉን ቁጠሪ። ሁለት ቀን ተከታትሎ ከአራት ሰዓት በታች ከተኛ አምጪልኝ።»

ባርኸድም ራሱ አምና ከሁለተኛው ሕመም ሲነሣ ለእህቱ የነገራት ነገር ነበር። አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ ጣራውን እያየ ነበር የነገራት። «አባዮ፣ እህቴ፣ ሲነሣብኝ አትከራከሪኝ። ክርክር ቤንዚን ነው። ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። ሰው አታብዢብኝ። ወዴት እንደምትወስጂኝ እውነቱን ንገሪኝ። ያኔ ንጉሥ ነኝ ብዬ እያሰብኩ ይሆናል። ንጉሥ አይታዘዝም፤ ምርጫ ነው የሚሰጠው። ትንሽ ትንሽ ምርጫ ስጪኝ።»

ይህን ሁሉ ታውቃለች። እያወቀች ነው እዚህ የደረሰችው።

ዘንድሮ የጀመረው በሥራ ማጣት ነው። ፋብሪካው ሠራተኛውን ግማሽ በግማሽ አስቀረ፤ ባርኸድ ቤት ዋለ። ረመዳን ገባ። የጠዋቱ ኪኒን ከንጋት በፊት ከሚበላው ሱሁር ጋር ይዋጥ ተባለ፤ ከዚያ ተረሳ፤ ከዚያ የማታውም ቀረ። እንቅልፉ ወደ አምስት፣ ወደ ሦስት ሰዓት ወረደ። የሠፈሩን የተበላሸ ማራገቢያ ሁሉ ሰብስቦ በነጻ ጠገነ። የመንገዱን መብራት ዘረጋ። የሐጂ ሚክዳድን የጨርቅ መጋዘን ከዳር እስከ ዳር ሽቦ ቀየረለት። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፣ ሐጂው አንድ ሳንቲም ሳያወጣ መጋዘኑ እንደ ሰርግ ቤት ሲበራለት፣ «ይህ ልጅ ተባርኳል» ማለት ጀመረ። የመጋዘኑ በረከት ለልጁ ተቆጠረለት።

ከዚያም ንግግሩ መጣ። ከአፍጥር በኋላ ባርኸድ ጣራ ላይ ወጥቶ ይናገራል፤ ጎረቤት ከየግቢው አንጋጦ ይሰማል። መስጊድ የናፈቀው ሕዝብ ነበርና ቃሉ ደረቅ ሳር ላይ እንደ ወደቀ እሳት ሆነ። አብዱሰመድ የሚባል የቤት ደላላ፣ ሥራ የፈታ፣ በስልኩ ቀጥታ ማሰራጨት ጀመረ። እንግዲህ ደላላ የሚሸጠው ቤት ሲያጣ ሰው ይሸጣል።

ያን ቀን ጠዋት ሆዳን ባርኸድ ተኝቷል ብላ ሱቅ ሄዳ ነበር። አራት ሰዓት ተኩል ላይ የጎረቤቷ ሱቅ ባለቤት ዓኒሳ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። «ወንድምሽ በፌስቡክ እየታየ ነው!» አለቻት፤ እንኳን ደስ አለሽ የምትል ይመስል ነበር። ሆዳን አየች። ከኋላው የሐርላ ፍርስራሽ፣ ወገቡ ላይ ገመድ ነበር። የሱቋን መዝጊያ አወረደችና ያገኘችውን የመጀመሪያ ታክሲ አስቆመች።

ሐርላ ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። የጥንት ሰዎች ፍርስራሽ ድንጋይ በቁልቋልና በእሾህ መሐል ተበትኖ ይታያል። ስድሳ የሚሆኑ ሰዎች በአንድ አሮጌ መስጊድ ግድግዳ ዙሪያ ተሰብስበዋል። ገሚሱ አፍ መሸፈኛውን አገጩ ላይ አድርጓል፤ ወረርሽኙ በአገጭ የሚገባ ይመስል። ከነሱ ራቅ ብላ አንዲት የአገሩ ሴት ፍየሎቿን ከፊቷ አድርጋ፣ በትሯን ተደግፋ ታያቸዋለች።

ሆዳን ከመኪናው ስትወርድ ሴትየዋ በኦሮምኛ፣ «እናንተ ከተሜዎች ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አለቻት።

«ውሃ» አለች ሆዳን በዚያው ቋንቋ።

ሴትየዋ ከግድግዳው ሥር ያለውን ጉድጓድ በአገጯ አመለከተች። «ውሃ ቢኖረው እስከዛሬ ለናንተ አስቀምጠን እንጠብቃችሁ ነበር? አፉ በየክረምቱ ይናዳል። አምና ሁለት ፍየል በልቶብኛል።»

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው። ‹ኢማን የለሽም› አሉኝ።» ሴትየዋ ምራቋን ልትተፋ ከጀለች፤ ጾሟ ትዝ አላትና ተወችው።

ባርኸድ ግድግዳው ላይ ቆሟል። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፤ እግሩ ባዶ ነው፤ የቆመበት ድንጋይ እንቁላል ይጠብሳል። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደም አርግዟል። ዓይኑ ግን ያበራል፤ ድምፁ ሻክሮም ያምራል። ሆዳን በልቧ የፈራችው ይህንኑ ነው፤ ወንድሟ ሲታመም ያምርበታል።

«ቁልፍ ያለው መስጊድ የሰው ነው!» ይላል። «ቁልፍ የሌለው የአላህ ነው! እናንተ በር ሲዘጋባችሁ አላህ ከውስጥ ተቆልፎ የቀረ ይመስላችኋል! የሐርላ ሰዎች ይህን ድንጋይ ሲያነሡ ክሬን አልነበራቸውም፤ ነፍስ ነበራቸው! እናንተ ምን አላችሁ? ስልክ! የዙህር ሶላት ሳይደርስ እወርዳለሁ፤ ውሃውን በስሙ እጠራዋለሁ፤ ይወጣል!»

«ተክቢር!» አለ አንዱ። ሌላው ተቀበለ።

ገመዱ ከባርኸድ ወገብ ተነሥቶ፣ ግድግዳውን ወርዶ፣ መሬት ለመሬት ሄዶ፣ ጫፉ ሦስት ሰዎች እጅ ላይ ነው። ከሦስቱ ፊተኛው ሐጂ ሚክዳድ ነው። ነጭ ኮፍያውን ደፍቷል፤ የወርቅ ሰዓቱን እንዳይቧጥጥበት ወደ ክንዱ ገፍቶታል። ያ ከዓሥራ አንድ ዓመት በፊት አልጋ ላይ ያሰረው እጅ ዛሬ ደግሞ ወደ ጉድጓድ ሊያወርደው ገመድ ይዟል። ሆዳን ይህን ስታይ አምና የተባለችውን ሁሉ ረሳች።

«ውረድ!» ብላ ጮኸች። «ባርኸድ! ታመሃል! ኪኒንህን ትተሃል! ውረድ አልኩ!»

ሕዝቡ ዞረ። «ዝም በይ!» አላት አንዱ። አብዱሰመድ ስልኩን ወደ እሷ አዞረ። «እኅቱ ናት፣ እኅቱ መጥታለች» እያለ ለስልኩ ያወራል፤ ድምፁ ውስጥ ምሳ የቀረበለት ሰው ደስታ ነበር።

ባርኸድ ከላይ ሆኖ ተመለከታት። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን በአንዴ ወደ ንዴት ተለወጠ።

«መጣች!» አለ። «የእንቅልፌ ዘበኛ! እስትንፋሴን የምትቆጥር! ታሟል ትላችኋለች። እስቲ ማክሰኞ ያደረገችውን ትንገራችሁ። ንገሪያቸው እንጂ! ማክሰኞ ኪኒኑን ትራስ ልብስ ውስጥ አግኝታ፣ አይታ፣ መልሳ ከተተችው! ለምን? የሱቅ መደርደሪያዋን እየሠራሁላት ነበራ! ስላሳቅኳት ነዋ! ያኔ አልታመምኩም፤ ዛሬ ታመምኩ። ለሷ ስሠራ ጤነኛ ነኝ፤ ለአላህ ስሠራ እብድ ነኝ!»

ሕዝቡ ሳቀ። 

እውነት ነበር። ማክሰኞ ዕለት ትራሱን ስታራግፍ የአራት ቀን ኪኒን እጇ ላይ ፈሰሰ። ባርኸድ ግቢ ውስጥ እንጨት እየላገ ይዘፍን ነበር። ለሱቋ ባለ ትናንሽ አምፖል መደርደሪያ እየሠራላት፣ የታይዋንን ነጋዴዎች አንድ በአንድ እያስመሰለ ሆዷን እስኪያማት አስቋታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ኪኒኖቹን አየቻቸው። «ከዒድ በኋላ» አለች ለራሷ፤ መልሳ ከተተቻቸው። መጋዘኑን በነጻ ካሠራው ሐጂ በምን ተሻለች? ከጠዋት ጀምሮ የተሸከመችው ንቀት ሁሉ ዞሮ እሷኑ አናቷ ላይ መታት።

ባርኸድ ከግድግዳው ወርዶ ወደ ጉድጓዱ አፍ አቀና። አሥር እርምጃ ቢቀረው ነው።

ሆዳን ሄዳ መሬት ላይ በተዘረጋው ገመድ መሐል ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

ገመዱ ተወጠረ፤ ባርኸድ ቆመ።

«ተነሺ» አላት ሐጂ ሚክዳድ።

አላየችውም። ወንድሟን ብቻ አየች፤ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች፤ እሱ ለመስማት እስኪጠጋ ድረስ ዝቅ አደረገችው። «እውነትህን ነው» አለችው። «ማክሰኞ አይቼ ዝም አልኩ።»

ባርኸድ ክርክር ጠብቆ ነበር፤ አፉ ለመልስ ተከፍቶ ነበር። ከጉድጓዱ ዞሮ ተመለከታት።

«ቆሜ መስማት አልቻልኩም፤ ፀሐዩ በረታብኝ» አለችው። «አጠገቤ ትቀመጣለህ ወይስ ቆመህ ታወራኛለህ?»

«ቆሜ» አለ ወዲያው።

«ቁም።»

ቆመ። አወራ። ስለ ውሃው፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ፋብሪካው ሞተር፣ ስለ እናታቸው አወራ። አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ያነሣል። ሆዳን «እሺ» እና «ሰማሁ» ብቻ ትላለች። ሕዝቡ ተአምር ሊያይ እንጂ አንዲት ሴት ገመድ ላይ ተቀምጣ ወንድሟን ስታዳምጥ ሊያይ አልመጣም፤ ማጉረምረም ጀመረ። ሁለት ሦስቱ ሰዓት አይተው ወደ መኪና ሄዱ። አብዱሰመድ እንኳ፣ «የሚያዩት ሰዎች እየቀነሱ ነው» አለ።

ሆዳን ከቦርሳዋ የሀይላንድ ውሃ አወጣች።

«ከንፈርህ ደምቷል» አለችው።

«ጾመኛ ነኝ።»

«እኔም ነኝ» አለች።

ክዳኑን ከፈተችና ጠጣች። እያዩዋት፣ በቀትር፣ በረመዳን፣ ስልክ ተደቅኖባት፣ ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ እያለ ሦስት ጊዜ ተጎነጨች። በሕይወቷ እንዲህ ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነው፤ ውሃው ሙቅ ነበር፣ የላስቲክ ጣዕም ነበረው፣ ደረቷን እያቃጠለ ወረደ።

«አስተግፊሩላህ!» አለ ሐጂ ሚክዳድ።

«አብቲ፣ አንተ ገመድህን ያዝ» አለችው አጎቷን፣ ሳትዞር።

ባርኸድ ከቆመበት ቁልቁል አያት።

«አባዮ» አለ በሹክሹክታ። «አብደሻል እንዴ?»

«እንጃ። ከሆነም ብቻዬን አልሆንም፤ ያንተ ተራ ነው።»

ባርኸድ ሳቀ። ከሆዱ ሳቀና ተንበረከከ፤ ላስቲኩን በሁለት እጁ ያዘ። መጀመሪያ ከንፈሩን አረጠበ። ከዚያ እስኪያልቅ ጠጣ፤ ውሃው በአገጩ ፈስሶ ጀለቢያውን አራሰው።  ሆዳን ያኔ ነው ምን ያህል እንደተጠማ ያወቀችው።

«ስማኝ» አለችው። «አልዋሽህም። የመጣሁት ወደ ሲስተር ሙኒያ ልወስድህ ነው። መኪናው ያ የዋርፋ ፔዦ ነው። እኔና ዋርፋ ብቻ ነን፤ የሚይዝህ ሰው የለም። ከፊት ትቀመጣለህ ወይስ ከኋላ?»

ባርኸድ ፔዦዋን አያት። ከአፍንጫዋ እንፋሎት ይወጣል። «ንጉሥ ከፊት አይቀመጥም» አለ።

«እንግዲያው ከኋላ።»

ገመዱን ራሱ ፈታው። ሐጂ ሚክዳድ ባዶ ጫፉን እንደ ያዘ ቀረ። ዋርፋ ለባርኸድ በሩን ሲከፍትለት ስለ ወገቡ አላነሣም፤ ዓይኑንም ሰበረ። ሆዳን ያን ስታይ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ አከበረችው። ከኋላቸው ከጉድጓዱ አፍ አንድ ድንጋይ ተፈንቅሎ ገባ፤ መሬት እስኪነካ ረጅም ጊዜ ወሰደበት። የፍየሎቹ ባለቤት ብቻ ናት ዞራ ያየችው።

ባርኸድ እስከ ከተማው ድረስ አላቋረጠም፤ አወራ፣ ዘመረ፣ ዋርፋን ሰደበ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ መልሶ ሰደበ። ሐኪም ቤት በር ላይ አልገባም አለ። ሆዳን በግራው በር ወይስ በቀኙ ብላ ጠየቀችው፤ በቀኙ ገባ። ሲስተር ሙኒያ መርፌውን ወጋችው፣ የደም ግፊቱን ለካች፣ ጉሉኮስ ሰካችለት። ቀና ብላ ሆዳንን፣ «ስንት ቀን ሆነው?» አለቻት።

«ካልተኛ አምስት። እኔ ካወቅኩ አራት።»

ነርሷ ቁጥሩን ብቻ ጻፈች። ሆዳን ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

አንድ ሳምንት ሐኪም ቤት ተኛ፤ ከዚያ ቤት ገባ። ሆዳን የክፍሉን መስኮት በጨርቅ ጋረደች፣ ስልኩን ቆለፈችበት፣ ጠያቂ ሁሉ ከበር እንዲመለስ አደረገች። ጠያቂው ግን ብዙ አልነበረም። ሐርላ ላይ እጁን ሲስሙ የነበሩት ሰዎች አሁን «ያ እብዱ» ነው የሚሉት። አብዱሰመድ የባርኸድን ንግግር ከገጹ ላይ አጠፋ፤ ሆዳን ውሃ ስትጠጣ የሚያሳየውን ግን ተወው። አርባ ሺህ ሰው አየው። ታይዋን ውስጥ ደንበኞቿ በሱቋ በር ሲያልፉ የሚያዩት የሌላውን ሱቅ ልብስ ሆነ።

አንድ ቀን ባርኸድ አልጋው ላይ ተደግፎ፣ ቃላቱ በመድኃኒቱ እየተጎተቱ፣ «ስለ ማክሰኞ ሕዝብ ፊት ያልኩሽ...» ሲል ጀመረ።

«ደስ ብሎኝ ነበር» አለች ሆዳን። «ሌላ ምክንያት የለኝም። ስትስቅ ማየት ደስ ብሎኝ ነበር።»

 «እኔንም ደስ ብሎኝ ነበር» አለ ባርኸድ። «ለዚህ ነው ኪኒኑን ትራስ ውስጥ የደበቅኩት። የሚያመኝ ነገር ቢሆን እኮ ራሴ እየሮጥኩ ሐኪም ቤት እሄድ ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪኒኑን ፊቷ ይውጣል፤ የተኛበትን ሰዓት የሚጽፈውም እሱ ራሱ ሆነ። ሲስተር ሙኒያ ዘንድሮ እንዳይጾም አዘዘችው። ሆዳን ለዚያች ለጠጣችባት ቀን ቀዷ፣ የምትክ ጾም፣ ልትጾም ነየተች።

ረመዳን ሃያ አንድ ቀን ሲሆነው፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሐጂ ሚክዳድ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። አብዱሰመድም ከኋላ ተለጥፏል። ከአዋጁ እንዳይተላለፉ አራት ሆነው እንደመጡ ሐጂው ራሱ ተናገረ፤ ሕግ አክባሪነቱ በሰዓቱ ነው የመጣለት። ጫማቸውን አውልቀው ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ባርኸድ ከጓዳ ወጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። እጁ በመድኃኒቱ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ጉንጩ ወርዷል፤ ዓይኑ ደብዝዟል። ሽማግሌዎቹ ሰላም ሲሉት እንደ ሕፃን ጮክ እያሉ፣ ቀስ እያሉ ነበር የሚናገሩት።

«ሆዳን» አለ ሐጂው፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ነገሩ የቤተሰብ ነው። ልጁን አላህ ያሽረው፤ እብድ አይጠየቅም። አንቺ ግን ጤነኛ ነሽ። በረመዳን ሕዝብ ፊት ጾምሽን በላሽ። ስማችን ጠፋ። ሰው ሱቄ መጥቶ ይጠይቀኛል። ስለዚህ በአብዱሰመድ ስልክ ቀርበሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። ተሳሳትኩ ብቻ በይ። አጭር ነው።»

አብዱሰመድ ስልኩን አወጣ።

ሆዳን ከጠዋቱ ጀምሮ ልትላቸው ያዘጋጀችው ስድብ ነበራት፤ በሦስት ቋንቋ ተሰናድቶ ነበር። አፏን ስትከፍት ግን ባርኸድ ቀደማት።

«አብቲ» አለ። ምላሱ ወፍራም ነው፤ እያንዳንዷን ቃል ከሩቅ የሚያመጣት ይመስላል። «ጉድጓዱ ስንት ሜትር ነበር?»

ሐጂው ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለከተ። «የቱ ጉድጓድ?»

«ልታወርዱኝ የነበረው።»

«እንጃ... እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ገመዱስ?»

«አልለካነውም።»

«ውስጡ አየር አለው ወይ ብላችሁ ሻማ አውርዳችሁ ነበር? ድንጋይ ወርውራችሁ ነበር?»

 ከሽማግሌዎቹ አንዱ መቁጠሪያውን አየ። አብዱሰመድ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

ባርኸድ ራሱን ነቀነቀ። ቁጣ የለበትም። የተበላሸ ሞተር ከፍቶ ብልሽቱን የሚፈልግ ሠራተኛ ይመስል ነበር።

«እኔስ አብጄ ነበር» አለ። «እናንተ ምን ሆናችሁ ነው?»

ሐጂ ሚክዳድ ለመነሣት ግድግዳ ተደገፈ። ሽማግሌዎቹ ተከተሉት። በሩ ላይ ጫማቸውን ሲፈልጉ እርስ በርስ ተጋጩ፤ አንዱ የሌላውን አደረገ፤ መልሶ ለማውለቅም አልቆመም።

ሆዳን በሩን አልዘጋችባቸውም። የውጭው በር እስኪዘጋ ቆማ አየቻቸውና ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ምሳ አለ?» አላት ባርኸድ።

«አለ» አለችና ልታመጣለት ወደ ጓዳ ገባች።